ለእድሩ ሳህን የተሠራ ሳሙና

አንድ ሽማግሌ ከጓሮው ተጎልቶ ትልቅ ድስት ያማስላል። ድስቱ ውስጥ ያለው ወጥ አይደለም፤ የሳህን ማጠቢያ ሳሙና ነው። ሚስቱ ይታይሽ ከደጃፉ ቆማ ታየዋለች።

«አንተ ሰው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ስጥድ አንድ ቀን እንኳ ጨው ቀምሰህልኝ አታውቅም። ዛሬ ምን ገባብህ?»

«ይኸ አይቀመስም» አላት።

ሰውየው ደርበው ይባላል። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነው። በዚያ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ እድር ይቀባበራል፣ በአንድ ዳስ ይደግሳል። ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ በየራሱ ድስት ይሠራል። ሳህኑና ጣሳው ግን የሁሉም ነው፤ ከደርበው ቤት ወጥቶ ደርበው ቤት ይመለሳል። ያንዱ ቅባት ለሌላው እንዳይተርፍ ደርበው ራሱ እያገላበጠ ያያል። ሰዉ ሁሉ እሱን አምኖ ይበላበታል።

በቅርቡ ግን «ዕቃው ለሁለት ይከፈል» የሚሉ ከወዲህም ከወዲያም ተነስተው ነበር። ደርበው ደግሞ ዕቃው የተከፈለ ቀን ዳሱም ይከፈላል፣ ቀጥሎም ቀብሩ ይከፈላል ባይ ነው። እናም ማንም ሰበብ እንዳያገኝ ሳህኑን ከበፊቱ አብልጦ ሊያጠራ ተነሳ። የሱቁ ዱቄት ሳሙና ጣሳው ላይ ሽታ እየተወ ሰው ያማርር ስለነበር የራሱን መሥራት ጀመረ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የወይራ አመድ ይነፋል። ከሥሩ በተበሳ እንስራ ጭድ ተነጥፎ አመዱ በላዩ ይሞላል። ከዚያ የዝናብ ውሃ ይፈስበታል። ከሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ሻይ ይመስላል፤ እጅ ይልጣልና በባዶ እጅ አይነካም። እንቁላል ሲጥሉበት ከተንሳፈፈ ደርሷል። ያኔ የቀለጠ ሞራ ይገባበትና እስኪወፍር በዝግታ ይማሰላል። የሎሚ ልጣጭ ጣል ይደረግበታል። በማሰሮ ተከድኖ ሲሰነብት እንደ ላላ ገንፎ ይሆናል፤ ለእጅም ይለዝባል።

ሞራውን ያገኘው ከመስቀሉ ቅርጫ ነው። ሥጋውን ሁሉም ሲካፈል ሞራውን የፈለገ አልነበረም። ደርበው በጨርቅ ቋጥሮ ወሰደው።

ሳሙናው ጉድ አሰኘ። በአንድ ተዝካር ታጠበበት፤ በቃጫ ጥቂት ነክቶ ፈተግ ሲያደርጉት ሳህኑ ያበራል፣ ሽታም የለው። ሴቶቹ መረቁት።

ከዚያ የልጅነት ወዳጁ ይማም መጣ። ሴት ልጁን ሊድር ነው። በማግስቱ የሠርጉ ድግስ ስለሆነ ሳህንና ጣሳ ሊወስድ ነው የመጣው። አንዱን ሳህን አንስቶ ወደ ፀሐይ አዞረው።

«ደርበው፣ ይኸ ሳህን ነው መስታወት? ወላሂ መልኬን አየሁበት። ማርጀቴንም ነገረኝ።»

«እሱንስ እኔም ልነግርህ እችል ነበር።»

ይማም ሳቀ። «ከዚህ ሳሙና ጨምርልኝ። ከምን ሠራኸው?»

«ከአመድና ከዝናብ ውሃ።»

«አመድ! አላህ ሥራ ያልሰጠው ነገር የለም እኮ» አለና ሳህኑንም፣ የሳሙናውን ማሰሮም በአህያ አስጭኖ ሄደ።

ይታይሽ ከውስጥ ሆና ሰምታለች።

«አመድና ውሃ ብቻውን ይረጋል እንዴ?» አለችው።

 እውነቱን ለመናገር ደርበው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩን አላሰበውም ነበር። ለአመዱ ተጠንቅቋል፣ ለውሃው ተጠንቅቋል፤ ስለ ሞራው ግን ሰነፍ ሆነ። ይማም ሲጠይቀው ነው ድንገት የመጣበት፤ አፉም ቀድሞት ዘለለው።

«ሞራው እኮ አልቋል። አመዱ በልቶት አሁን ሳሙና ነው» አላት።

«ካለቀ ለምን ስሙን ዘለልከው?»

 «ብነግረው ዕቃው ይከፈላል፤ በሠርጉ ዋዜማ። ባልነግረው ማንም አያውቅም» አለ።

«ማንም? ሞራውን ቋጥረህ ስትሄድ የቅርጫው ሰው ሁሉ አላየህም?»

ደርበው ያን ሌሊት በግራ ጎኑም በቀኝ ጎኑም ተኛ፤ እንቅልፍ አልያዘውም። ሲነጋ በትሩን አንስቶ ወደ ይማም ቤት ወረደ። ይታይሽም ለማገዝ ስላሰበች ተከተለችው።

ዳሱ ተጥሏል። ሴቶቹ ከበርሜሉ ዙሪያ ቁጢጥ ብለው ሳህን ያጥባሉ፤ አረፋው ከደርበው ማሰሮ ሳሙና ነው። ይማም ከሚስቱ ወንድም ከሙሄ ጋር ቆሞ ሰው ያዛል። ደርበው ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰም።

«ይማም፣ ትናንት ስትጠይቀኝ አጉድዬ መለስኩልህ። ሳሙናው ሞራ አለበት። ከእኛ ቅርጫ በሬ ነው።»

የሴቶቹ እጅ ቆመ። ሙሄ እጁን አጨበጨበ።

«ይኸው! እኔ ምን ብዬ ነበር? ቅባት ያጥባል ስንል በቅባት አጠበልን! ከእንግዲህ የእናንተ ለእናንተ፣ የእኛ ለእኛ ነው። በቃ ዛሬውኑ ይከፈል!»

ይማም የተከመረውን ሳህን አየ። መንገዱን አየ፤ የሙሽራው ሰዎች እየመጡ ነው። ፊቱ ጠቁሯል። ደርበው በትሩን ጨብጦ የሚመጣውን ይጠብቃል።

«ሙሄ» አለ ይማም በመጨረሻ፣ «ዕቃው ቢከፈል የእኛን ማን ይጠብቀዋል?»

«እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«ባለፈው መውሊድ የእናትህን እንስራ የሰበረው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገርከንም።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሙሄ ወደ ዳሱ ምሰሶ ዞረ፤ ምሰሶው የተፈታ ይመስል ገመዱን ማጥበቅ ጀመረ።

«እኔ በገዛ እግሩ መጥቶ የሚነግረኝ ጠባቂ ይሻለኛል» አለ ይማም። «በሉ፣ ውሃውን ድፉት። አንድም ሳይቀር በደረቅ አመድ ይፈተግ፣ በፈላ ውሃ ይለቅለቅ። እንግዳው ይጠብቅ።»

ደርበው ነጠላውን ወገቡ ላይ አሥሮ ከሴቶቹ መሐል ቁጢጥ አለ።

«አያ ደርበው፣ መቀነት እናምጣልህ?» አለች አንዷ።

«ቃጫ ነው የቸገረኝ፤ መቀነቱ ይቆይ።»

በዚህ መሐል ይታይሽ የያዘችውን ሳህን ጣለችና ራሷን ያዘች። «ወይኔ! እኛስ? ያ ተዝካር ዓርብ ቀን አልነበረም? የጾም ሳህን በሞራ አጥበን!»

 መጀመሪያ የሳቀው ሙሄ ነው፤ ከምሰሶው ሥር ሆኖ እንባው እስኪፈስ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ደርበው ግን አልሳቀም፤ በአንድ ማሰሮ ሁለቱንም ወገን እንደበደለ ያኔ ገባው።

ምሳው ዘገየ። የሙሽራው ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አጉረመረሙ። ቆይቶ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ዕቃውም አልተከፈለም። ከዚያ ወዲህ ደርበው ሳሙናውን በኑግ ዘይት ነው የሚሠራው። አረፋው ከሞራው ያንሳል፤ ግን ጾመኛውም ያጥብበታል፣ ሙስሊሙም ያጥብበታል።

ወገኖቼ፣ ጎረቤት የሚበላበትን ነገር ስትሠሩ በዓይናችሁ ብቻ አትመኑ፤ የሚበላውን ሰው ጠይቁት። ሳታውቁ ካጠፋችሁ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ ራሳችሁ ንገሩት። ስትነግሩት ያሳፍራችኋል፣ ሥራም ያበዛባችኋል። የደበቃችሁት ቀን የሚመጣው ግን ከዚያ ይከፋል።

ያን ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይማም ወዳጁን እስከ አጥሩ ሸኘው። ይማምም አብሮት ስላጠበ የሁለቱም እጅ በአመድና በፈላ ውሃ ተሸብሽቧል። ይማም የደርበውን እጅ ይዞ እንዲህ አለው፦

«ሳህኑን እንደገና ማጠብ ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ አብሽር፣ አለቀ። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ቢሆን ግን፣ ደርበው፣ ልቤን በምን አጥበው ነበር?»