የነገረ ፈጁ አንደበትና የመበለቷ ላም

እናንተዬ፣ ሆዴን በሳቅ ይዤ ነው የምነግራችሁ፤ ቆዩ፣ ዋናው ኋላ ነው!

ባላምባራስ ጓንጉል አንዲት መበለት ያለቻትን ብቸኛ ላም «የኔ ናት» ብለው ችሎት ገተሯት። አፈ ጮሌ ነገረ ፈጅም ቀጠሩ። ሰውዬው ኩታውን ወርወር፣ ዘንጉን ቸከል አድርጎ፣ በረት ረግጠው የማያውቁት ባላምባራስ ላሚቱን ጥጃ ሳለች አቅፈው እንዳሳደጓት ሲተርክ፣ ዳኛው እንባቸውን ጠረጉ። የመበለቷ ምስክሮች እንኳ «ምስኪን ባላምባራስ!» አሉ።

ዳኛው ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ «አንቺስ ለዚህ ምን ትመልሻለሽ?» አሏት።

ደጅ የታሰረችውን ላሟን አየት አደረገችና እንዲህ አለች፦ «ጌታዬ፣ አነጋገሩ እኔንም ጥሞኛል፤ ላሟን አስረክቢ አስረክቢ ነው ያሰኘኝ። ሰዉን ሁሉ አሳምኗል፣ የቀረችው ላሟ ብቻ ናት። ገመዷ ይፈታና፣ ወጥቶ እሷንም አሳምኖ ይውሰዳት።»