የጋረደው እምቢልታ

በአንድ ወቅት፣ እምቢልታ መንፋት ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድበት አገር፣ ጋረደው የሚባል የነፊዎች አለቃ ነበር። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማ የሚሆነው ሦስት ሰዎች ሲቀባበሉት ነው። ጋረደው ከወንዶች ልጆቹ ከማናዬና ከአጥናፉ ጋር ይነፋል። ሴት ልጁ ሸዋረገድም ቤት ውስጥ ተምራለች፤ አደባባይ ግን ሴት አትነፋም። የአገሩ ባላባት በየዓመቱ ሕዝቡን በሚያበሉበት ግብር ላይ ዜማው ከተቋረጠ አለቃነቱ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል።

አንድ ዓመት ጋረደው አፉን ታመመ። ሲበላም ሲያወራም ደህና ነው፤ እምቢልታውን ሲያስጠጋ ግን ከንፈሩ ወደ ጆሮው ይጎተታል። ሸዋረገድ ከተማ ወርዳ ሐኪም ጠየቀች።

"እርግማን አይደለም፣ የነርቭ ሕመም ነው" አላት። "ካላረፈ ወደ መንጋጋው ይዛመታል።"

ጋረደው "ከግብሩ በኋላ አርፋለሁ" አለ።

በግብሩ ቀን ገና ሲጀምሩ የጋረደው ከንፈር ተጣመመ።

"ጠላ ቤት አድሮ ነው የመጣው!" አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

ማናዬ የአባቱን ጉንጭ ሲነኩት ከንፈሩ እንደሚረጋ ያውቃል። የራሱን እምቢልታ ለወንድሙ ሰጥቶ ጉንጩን በጣቱ ደገፈለት። ከንፈሩ ረጋ።

አጥናፉ የማናዬን ድምፅ ከራሱ ጋር ደርቦ ያዘ። ሁለቱን እምቢልታዎች እያፈራረቀ ነፋ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ወረደ፤ ተራው ግን አላመለጠውም።

የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል የጋረደው መንጋጋ ወደ ጎን ሄዶ አልመለስ አለ። ሸዋረገድ ሰው ጥሳ ገብታ እምቢልታውን ነጠቀችው።

"አንቺ ልጅ፣ ቤታችንን አፈረስሽው!" አለ ማናዬ።

"ነገ እህሉን አንተ ልታኝክለት ነው?"

የጋረደው መንጋጋ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ባላባቱ ከመቀመጫቸው ሆነው ተናገሩ።

"እኔ እስክነሳ ተቋረጠ አልልም። ጋረደው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከልጆችህ አንዱ ባንተ እምቢልታ ይጨርስ። የጨረሰው አለቃ ነው።"

ጋረደው እምቢልታውን ተቀብሎ ሦስቱን አየ። ማናዬ ባይደግፈው ዜማው ገና ሲጀመር ይቋረጥ ነበር፤ መንጋጋው ወደ ጎን የሄደው ግን በዚያው ድጋፍ ሲነፋ ነው። አጥናፉ ዜማውን አትርፏል፤ አሁን የሚነፋው በተሰነጠቀ ከንፈር ነው። ሸዋረገድ አባቷን አትርፋለች፤ ዜማውን ያቆመችውም እሷ ናት።

ባላባቱ ሊነሱ ካባቸውን ሰበሰቡ። እናንተ በጋረደው ቦታ ብትሆኑ፣ እምቢልታውን ለማን ትሰጡ ነበር?