ሽለላ የተቀዳባቸው ሦስት ማጫወቻዎች

አቶ ሸዋቀና የሚባሉ ሥራ አስኪያጅ ለባሕር ዳር ጉዞ የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ሊገዙ ከሹፌራቸው ጋር መርካቶ ገቡ። ባለሱቁ ሦስት ደረደረላቸው። የአንደኛው ባትሪ ሠላሳ ሰዓት ይቆያል፤ የሁለተኛው አሥር፤ ሦስተኛው ግን ግማሽ ሰዓት ከቆየም በእግዜር ቸርነት ነው።

ሰውየው በሌላ ሰው ዘፈን መሞከሩን ናቁት። የገዛ ሽለላቸውን በሦስቱም ላይ ቀድተው እያፈራረቁ ከፈቱት። ማጫወቻው «ዘራፍ!» ሲል፣ የጎረቤት ሱቅ ሰዎች ጠብ የተነሣ መስሏቸው ሊገላግሉ እየሮጡ መጡ።

አቶ ሸዋቀና ደረታቸውን ነፍተው ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «በል ምረጥ! ድምፄን ካልወደድከው ከነገ ጀምሮ ሥራ እንዳትገባ። ከወደድከው ደግሞ የመረጥከው ማጫወቻ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ መኪና ውስጥ ይከፈትልሃል።»

ሹፌሩ እጅ ነሣ። «ኧረ ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼም አላውቅ! ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ!»

«አሜን! ታዲያ የትኛው ይሁንልህ?»

«ሦስተኛው።»

«ሠላሳ ሰዓቱን ትተህ? አሁን ረጅም ዕድሜ ስትመኝ አልነበር እንዴ?»

«ለእርስዎ ነዋ ጌታዬ፤ ለባትሪው መች አልኩ!»