የዶሮ ሰፈር ተመራጭ

ተረት ተረት ልበላችሁ፣ እናንተም በረቱን ክፈቱልኝ። ዝናብ በማያባራበት ከተማ ጣሪያው የሚያፈስ የዶሮዎች ሰፈር ነበር። ዳክዬ በየደጁ እየዞረች፣ የቀረበላትን ጥሬ እየለቀመች፣ «ምረጡኝ፣ ጣሪያችሁን አሳድሳለሁ» አለች፤ መረጧት።

ምክር ቤት ስትገባ ሰብሳቢው አህያ «ለመሆኑ ሰፈራችሁን ዝናብ ያስቸግራል?» አላት። እሷዬዋ ውሃ የማያርሰውን የራሷን ላባ ብቻ አስባ፣ «ኧረ እኛስ ዝናብ ደስ ይለናል» ብላው አረፈች። ምክር ቤቱ ለጣሪያ ማደሻ የያዘው ቆርቆሮ ለእርግቦች ሰፈር ተሰጠ። ምን እንዳለች የገባት ያኔ ነው።

ስትመለስ ዶፉ ይወርዳል። አንዷ ዶሮ ጫጩቶቿን አቅፋ በስብሳለች። ዳክዬ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ ዳክዬ» አለች ዶሮዋ፣ ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀችላት፤ «ምነው ደጅ ቆምሽ? ግቢ እንጂ፣ ብርድ ይመታሻል።»

ዳክዬ ደረቅ ላባዋን የምትሸሽግበት አጣች።