የአቶ አንዳርጌ ራውተር

ባለጉዳይ በማመላለስ ስማቸው የገነነው ሹም አቶ አንዳርጌ፣ የቤታቸው ኢንተርኔት ቢንቀራፈፍባቸው ቴክኒሻን አስጠሩ። የመጣችው ወጣት ለአንዲት ፊርማ ሦስት ወር ቢሯቸው የተመላለሰች ነበረች፤ እሳቸው ግን አላወቋትም። የፋይበሩን ገመድ በመሣሪያዋ ብትለካው ሲግናሉ ሙሉ ነው። ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ራውተር ብትፈልገው ደግሞ፣ እንዳይሰረቅ ብለው ገመዱን በቀዳዳ አሾልከው ወፍራም የብረት ካዝና ውስጥ ቆልፈውታል።

«ጥፋቱ የእናንተ መሆኑን ጽፈሽ ፈርሚ» አሏት ሹሙ፤ «አለዚያ ለአለቃሽ ደውዬ ከሥራሽ አስባርርሻለሁ።»

ወጣቷ እሺ ብላ ጻፈች፤ ፈርማም በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፦

«ሲግናሉ እስከ ጌታዬ ቤት በሙሉ ጉልበቱ መጥቷል። እርስዎ ዘንድ ለመቅረብ ግን፣ እንደማንኛችንም ባለጉዳይ፣ የካዝናው በር እስኪከፈትለት ደጅ እየጠና ነው።»