የወይዘሮ ሙሐባ ሰሌንና የማትጠብቀው ጨረቃ

ጆሯችሁን አቅርቡልኝ፤ ነገሩ እንደ መቁጠሪያ የተሰካ ነውና አንዱ ፍሬ ከእጃችሁ እንዳያመልጥ።

በወሎ ምድር ወይዘሮ ሙሐባ የሚባሉ እናት ነበሩ። ጉልበታቸው ይዟቸው ሁለት ረመዳን ሙሉ ተራዊሕን፣ ያን የምሽት ሶላት፣ ከመስጊድ ቀርተው በቤታቸው ሰገዱ። ዘንድሮ ተሻላቸው። አምና የቀረባቸውን የስድስት ቀን ጾም ከፍለው ጨረሱ፤ ለሾርባው አጃ ፈተጉ፤ ተምሩን ለቅመው አስቀመጡ፤ ልብሳቸውን አጥበው አሰጡ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ በመስጊዱ ድንጋይ ወለል ላይ ጉልበታቸውን የሚያሳርፉበት ድርብ ሰሌን። ዕለቱ ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ የሸዕባን፣ ሃያ ዘጠኝ ነው። ጨረቃ ማምሻውን ከታየች ተራዊሕ ዛሬውኑ ይጀመራል፤ ሰሌኑ ካልደረሰ ግን ወይዘሮ ሙሐባ ዘንድሮም ከቤት መቅረታቸው ነው።

ወደ ሰሌን ሰፊው ወደ ይመር ገሠገሡ።

«ይመር ልጄ፣ ሰሌኔን ጨርስልኝ።»

«እናቴ፣ ተጎንጉኖ አልቋል፤ የቀረው መስፋቱ ነው። እኔስ እሰፋ ነበር፤ ወስፌው አልበሳ አለኝ።»

ወስፌውን ጠየቁት። «እኔስ እበሳ ነበር» አለ ወስፌው፤ «ጫፌ ዶልዱሟል። እሳት ካላጋለኝ አልሾልም፤ እሳቱ ደግሞ አልነድ አለ።»

ወስፌ አልበሳ አለ፤ ይመር አልሰፋ አለ፤ ጨረቃዋ ግን አትጠብቅም።

ወደ ቀጥቃጩ ምድጃ ሄዱ። አንዲት ፍም ብቻ በአመዱ ውስጥ ታንቀላፋለች።

«እሳት ሆይ፣ ንደድልኝ።»

«እኔስ እነድ ነበር፤ ከሰል የለኝም። አህያው ከሰሉን አላመጣም አለ።»

«እንግዲህ ከአህያ ጋር ልነጋገር ነው?»

«ከእሳት ጋር እየተነጋገሩ አይደል?» አለ እሳቱ።

አህያ አልነሣ አለ፤ እሳት አልነድ አለ፤ ወስፌ አልበሳ አለ፤ ይመር አልሰፋ አለ፤ ጨረቃዋ ግን አትጠብቅም።

አህያው ከከሰሉ ጆንያ አጠገብ እግሩን አጥፎ ተኝቷል።

«ተነሥ እንጂ፤ ነገ ጾም ነው።»

«የእናንተ ነገ ነው፤ የእኔ ከትናንት ጀምሯል። እኔስ እነሣ ነበር፤ ገብስ ካልቀመስሁ ግን አቅም የለኝም። ገብሱም በጎረቤትዎ ጎታ ውስጥ ነው።»

ወይዘሮ ሙሐባ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግቢ ዘለቁ። ገብሱ ከጎታው ውስጥ፣ «እኔስ እወጣ ነበር፤ ባለቤቴ ክዳኑን አልከፍትም አሉ» ሲል መለሰላቸው።

ጥሩወርቅ ጎታ አልከፍትም አሉ፤ ገብስ አልወጣ አለ፤ አህያ አልነሣ አለ፤ እሳት አልነድ አለ፤ ወስፌ አልበሳ አለ፤ ይመር አልሰፋ አለ። ፀሐይ ወደ ተራራው አዘነበለች፤ ጨረቃዋም አትጠብቅም።

«እቴ ጥሩወርቅ፣ አንድ እፍኝ ገብስ ለአህያ ብትሰጪ ምን አለ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚፈትሉበትን እንዝርት አኖሩ። «እኔስ እከፍት ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሰሞኑን የሰፈሩን በር ሁሉ እያንኳኳሽ፣ ‹አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፤ ሰው አስቀይሜ ረመዳን አይግባብኝ› ስትዪ ሰማሁ። ዘይነባ ቤት ገባሽ፤ የይመር እናት ቤት ገባሽ፤ የእኔን በር አልፈሽው ሄድሽ።»

«አንቺማ ክርስቲያን ነሽ። አውፍ መባባል የእኛ የረመዳን ጿሚዎቹ ነገር መስሎኝ ነው።»

«በመስከረም ገበያ መሐል ‹የሌባ ዶሮ እመቤት› ስትዪኝ ሃይማኖቴን ጠይቀሽ ነበር? ጎመንሽን የበላችው ዶሮዬ ናት፤ ስሜን የበላሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ወይዘሮ ሙሐባ ወደ አጥሩ ተጠጉ። በአጥሩ ማዶ ውሃ ቀድተው ለሚያልፉት ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ስሙኝማ፤ ጥሩወርቅን በገበያ የሰደብኋት ያለ አግባብ ነው።» ከዚያም ወደ ጎረቤታቸው ዞረው ጎንበስ አሉ። «በሰው ፊት አዋረድሁሽ፤ በሰው ፊት መለስሁት። አውፍ በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ እጃቸውም ታዘዘ።

ጎታ ተከፈተ፤ ገብስ ወጣ፤ አህያ ቀመሰና ተነሣ፤ ከሰል መጣ፤ እሳት ነደደ፤ ወስፌ ጋለ፣ ሾለ፣ በሳ፤ ይመርም ሰፋ፣ ሰፋ፣ ሰፋ። የመጨረሻውን ክር ሲቋጥር ከኮረብታው ላይ «ታየች!» የሚል ድምፅ ወረደ።

ወይዘሮ ሙሐባ ሰሌኑን ታቅፈው ሮጡ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ጉልበትሽን!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከኋላቸው።

«ጉልበቴማ ዛሬ ከእኔ ይቀድማል!»

መስጊዱ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ተጠጋግተው ስፍራ ለቀቁላቸው፤ ሰሌኑ ተዘረጋ። ሁለት ዓመት የናፈቁት ጉልበቶች ከጎረቤቶቻቸው ጉልበት እኩል ወረዱ።

ወሬዬ እዚህ ደረሰ፤ ደግ ደጉ ለእናንተ ይሁን፣ ጉድለቱ ለእኔ።