የድባር በር ተቀማጮች

ከአሞጣ ሐይቅ ተነስቶ ወደ ድባር አምባ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ጫፉ ላይ ሲደርስ በሁለት ረጃጅም የድንጋይ ምሰሶዎች መካከል ያልፋል፤ ምሰሶዎቹ መዝጊያ የላቸውም። ከእነሱ ፊት ለፊት፣ የገደሉን ጥግ ይዘው፣ ቁጭ ያለ ሰው የሚያካክሉ አመድማ ድንጋዮች ተደርድረዋል። የአገሩ ሰው «ተቀማጮቹ» ይላቸዋል። መንገደኛ ቢደክመውም አይቀመጥባቸውም፣ ነጋዴም አህያውን አያስርባቸውም፤ ዝናብ የጣለ ቀን ግን ከድባር ሴቶች አንዷ ወጥታ፣ ለምሰሶዎቹ ቅርብ የሆነውን የአንዱን ድንጋይ ጀርባ በነጠላዋ ጫፍ ስታብስ ትታያለች። ለምን እንደሆነ የጠየቀ እንግዳ ቶሎ መልስ አያገኝም። እኔም ብዙ ዓመት ጠይቄ፣ ከሦስት ሽማግሌዎች ቁርጥራጩን ሰምቼ ነው እዚህ የማገጣጥመው፤ ሦስቱም ታሪኩን ሲጨርሱ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን አምባውና ሐይቁ የሁለት ሕዝብ አገር ነበሩ። ላይኞቹ ድባሮች ድንጋይ ፈላጮች ናቸው፤ ቤታቸውን ከገደሉ ፈልፍለው፣ እህላቸውንም ውሃቸውንም በገመድ ወደ ላይ እየጎተቱ ይኖራሉ። ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነፍሱ ያለችው በአንዲት ቃል ነው፤ «ሳብ» ካለ ይሳባል፣ «ልቀቅ» ካለ ይለቀቃል፣ አፉ ከተሳሳተ ሬሳው ከሥር ይለቀማል። ስለዚህ በድባር የተነገረ ቃል አይደገምም፣ አይለወጥምም። ሰውን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ «ውሸታም ነህ» ብሎ ከመስደብ ይቆጠራል፤ በአምባው በር ላይ ሲሆንማ ወንጀል ነው። በሩ ላይ የደወል ድንጋይ ተሰቅሎ ነበርና በረኛው መጪውን አንዴ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ ድንጋዩን በመዶሻ አንዴ ይመታል፤ ከተመታ በኋላ ያ ቃል እስከ ማግስቱ ፀሐይ መውጫ ድረስ ሕግ ይሆናል። ደግሞ የጠየቀ በረኛ ከነቤተሰቡ ከአምባው እንደሚባረር ሁሉም ያውቃል፣ ልጆችም ሲጫወቱ ይህንኑ ያስመስሉ ነበር ይባላል።

ታችኞቹ አሞጣዎች ደግሞ የታንኳ ሰዎች ነበሩ። ሐይቅ ላይ ሁለት ታንኳ ሲገናኝ ያለው ለሌለው ዓሣ ያቀርባል፤ ያቀረበው ግን ለራሱ የሚተርፈው ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ስለዚህ ተጋባዡ «አይ፣ በልቻለሁ» ይላል፣ ጋባዡም ቅርጫቱን ገለጥ አድርጎ አይቶ፣ በቂ ካለው ደግሞ ይጠይቃል፤ ተጋባዡ አሁንም «ኧረ ተወው» ይላል፣ በሦስተኛው ግን እጁን አፉ ላይ ጭኖ ይቀበላል። በመጀመሪያው የተቀበለ ሰው ሆዳም ነው፣ የሌላውን እራት ቀምቷል። አንዴ ብቻ ጠይቆ ዝም ያለም ስስታም ይባላል። ራሱ «ስጡኝ» ያለውንማ ስሙን የሚያነሳም የለ። እንግዲህ የሁለቱንም ነገር ሳስበው አንዱም አላጠፋም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

በመካከላቸው ፍቅር አልነበረም። ድባሮች የሐይቁን ሰዎች «ባለ ሁለት ምላስ» ሲሏቸው እነሱም ላይኞቹን «ደረቆች» ይሏቸዋል፤ በዓመት አንዴ ዓሣና ወፍጮ ድንጋይ ሊለዋወጡ ሲገናኙ እንኳ ጀርባ እንደ ተሰጣጡ ነው የሚለያዩት። የድባር በረኛ የነበረው ደርብ አንዲት ሴት ልጁን ውባለምን ለአሞጣ ታንኳ ቀዛፊ የዳረ ጊዜ ነው ነገሩ ትንሽ ለዘብ ያለው። የሙሽራው እናት እናኑ በአሞጣዎች ዘንድ በአደባባይ ስለ ሁሉም የምትመልስ አሮጊት ነበረች። በሠርጉ ቀን ድባሮች ምግቡን አቅርበው «ትበላላችሁ?» ሲሉ እናኑ እንደ ወጉ «አይ፣ ጠግበናል» ብላ መለሰች፤ ገበታው ወዲያው ተነሳ። ሰባ የአሞጣ ሠርገኛ ጠረኑን ብቻ አሽትቶ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ባዶ ሆዱን ወረደ። በቅልቅሉ ዕለት ደርብ ታች ወርዶ ገና አንዴ ሲጠየቅ «እበላለሁ» ቢል እንደ ሆዳም አዩት፤ አሁንም ደጋግመው ቢጠይቁት «እኔን ነው ውሸታም የምትሉት?» ብሎ ሳህኑን ገፍቶ ተነሳ። ሁለቱንም ወገን እየሳቀች ያስረዳችውና ያስታረቀችው ውባለም ናት። አባቷም የዚያን ቀን የአሞጣዎችን ወግ ከልጁ አፍ በደንብ ሰምቶ፣ ገርሞት፣ ራሱን እየነቀነቀ ወደ አምባው ተመለሰ። ውባለም በሠርጓ ቀን ከበሩ ስትወጣ ግን «ከእንግዲህ አሞጣ ነኝ» ብላ ነበር፤ የወገን ቃል ደግሞ በማግስቱ አይፈርስም፣ ድንጋዩን የመታውም እሱ ራሱ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ነፋስ በቆመበት በጋ፣ የአመዳይ ጉም ተነሳ። ይህ ጉም ከሐይቁ ሆድ በአንድ ትውልድ አንዴ ይወጣል፣ የተነፈሰውንም ሰው ከውስጥ ጀምሮ ድንጋይ ያደርጋል ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ዳር ሳያልፍ ነፋስ ይበትነው ነበር፤ የአምባውን በር አልፎ የገባበት ጊዜም የለም። ለዓሣ የወጡት ወንዶች ታንኳቸውን ወደ ማዶው ዳርቻ አዞሩና አመለጡ፤ ከመንደር የቀሩት ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ጓዛቸውን ይዘው ወደ ድባር ወጡ። እናኑ ከፊት ትመራለች፤ ውባለም የሦስት ወር ልጇን አዝላ፣ ጉልበት የከዳቸውን አንድ ሽማግሌ ደግፋ ከኋላ ታዘግማለች።

እናኑ በሩ ላይ የደረሰችው ከቀትር በኋላ ነበር። ደርብ መዶሻውን ይዞ ወጣ፤ ከጀርባው እንደ ሕጉ ሦስት ዳኞች ቆመዋል። ዓይኑ ልጁን ፈለገ፣ አላገኛትም።

«ትገባላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

የመጣችው ለመግባት ነው፤ ጓዟ በራሷ ላይ ነው፣ እግሯ ደምቷል፣ ሞኝ እንኳ ያየዋል። አፏ ግን ስድሳ ዓመት የለመደውን መለሰ።

«ኧረ አንገባም አያ ደርብ፤ ይህን ሁሉ ሰው ይዘን እናስቸግራችኋለን። እዚሁ ጥግ አረፍ እንላለን።»

ብላ ጓዟን አወረደችና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ደርብ ያውቅ ነበር። ታሪኩን የነገሩኝ ሦስቱም ሽማግሌዎች ይህን አልሸፈኑለትም፤ ወጉን ከልጁ አፍ የሰማ ሰው ነው፣ «አንገባም» ማለቷ ምን ማለት እንደሆነ ከዳኞቹ ሁሉ ለይቶ ያውቅ ነበር። ዳኞቹ አዩት። እሱም መታ፣ በሩም ተዘጋ። አሞጣዎቹ ምንም ሳይደነግጡ ጥግ ጥጉን ይዘው፣ ጓዛቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ውባለም ስትደርስ የሆነውን ሰምታ በሩን በሁለት እጇ ደበደበች።

«አባዬ! ታውቃለህ እኮ! አንዴ ደግመህ ጠይቃቸው!»

«ተመትቷል፣ ልጄ» አለ ደርብ ከውስጥ።

«እኔስ?»

«አንቺም አሞጣ ነኝ ብለሽ ወጥተሻል።»

ወደ አማቷ ዞረች። «እማማ፣ ይሙት ልጅሽ፣ አስገቡን በያቸው።»

«እንዴት ብዬ ነው በአፌ የምለምነው? ታገሺ፤ ዘመዳችን አይደለም እንዴ? ይጠይቀናል» አለቻት እናኑ፣ የሕፃኑን እግር በነጠላ እየሸፈነች።

ደርብ ከበሩ ጀርባ መዶሻውን እንደያዘ ቆመ። ሚስቱ በሽተኛ ናት፤ ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች አሉት፤ ከአምባው ቢባረር የት ይወስዳቸዋል? ነፋሱ ይነሳል፣ ጉሙም እንደ ሁልጊዜው ይበተናል እያለ ራሱን አታለለ። ልጁ ስትጣራ ይሰማታል። እንዲህ ሆኖ ያን ረጅም ከሰዓት በኋላ ጨረሰው፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፣ ግን አዝኜበታለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉሙ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ደረሰ። ያኔ ደርብ ልቡ አልችል አለና የበሩን ትንሽ መስኮት ከፍቶ ጮኸ።

«እመት እናኑ! ትገባላችሁ?»

የእናኑ ፊት በራ። አሮጊቷ ደስ ያላት ድባሮች በመጨረሻ ወጋቸውን ያከበሩላት፣ እንደ ሰው የቆጠሯት መስሏት ነው። እንዲህ ላከበራት ሰው ክብሩን ሳትመልስ መቅረት አልቻለችም።

«ኧረ ግድ የለም፣ ተዉት» አለች በፈገግታ፤ ለሦስተኛው ስትዘጋጅም እጇን ወደ አፏ አነሳች።

«እንገባለን!» ብላ ጮኸች ውባለም። በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ ግን አሮጊት የመለሰችውን ወጣት ሴት አትሽረውም። ዳኞቹ መዶሻውን ከደርብ እጅ ቀምተው መቱ፤ አንዱም የደርብን አፍ በመዳፉ ከደነው። መስኮቱ ሲዘጋ ሦስተኛው ጥያቄ እዚያ መዳፍ ሥር ቀረ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ በሩ እንደ ሕጉ ተከፈተ። ሁሉም እንደ ተቀመጡ ነበሩ፣ ጓዛቸው ጭናቸው ላይ፣ የእናኑ እጅ አፏ ላይ። ውባለም ብቻ ከበሩ ሥር ነበረች፤ ጉሙ ሲመጣ ፊቷን ለሱ ሰጥታ፣ ያዘለችውን ልጅ ወደ በሩ አድርጋ፣ ጀርባዋን ወደ ሳንቃው አስጠግታ ቀርታለች። ደርብ አጠገቧ ተንበረከከና «ትገባላችሁ?» አለ። ከዚያም ወደ ዳኞቹ ዞሮ፣ «ይኸው ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ፍረዱብኝ» አላቸው።

አንድም ዳኛ አልፈረደበትም። እንደሚባለው ከሆነ በዚያ ሕግ ከአምባው የተባረረ በረኛ ከዚያ በፊትም ኖሮ አያውቅም ነበር፤ ሁሉም ሰምቶ ፈራ እንጂ ያየ አልነበረም። ደርብም ቀኑን ሙሉ የፈራው ቅጣት ሳይመጣበት፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በዚያው ቤት ሠላሳ ዓመት ኖረ። መዝጊያውን በገዛ እጁ ፈልጦ ገደል ሲጨምረውም ማንም አልከለከለውም።

በታንኳ ያመለጡት አሞጣዎች ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ማዶ ዳርቻ ላይ ይኖራሉ። ልጆቻቸው «ትበላለህ?» ሲባሉ ገና በመጀመሪያው «አዎ» ይላሉ፤ እናቶቻቸውም አይቆጧቸውም፣ ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ እንጂ። ለገበያ ወደ ድባር ሲወጡ ከየቤቱ «ግቡ» ይባላሉ፤ እነሱም ወዲያው «እሺ» ብለው ይገባሉ። የድባር ሰው ግን እንግዳው ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ እየበላም እንኳ ሁለተኛውን ይጠይቃል፣ ሦስተኛውንም ይጠይቃል። ሦስተኛውን ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ ደጅ ልኮ ነው፤ መልስም አይጠብቅም።